ከፋይም ይዝናና እንጂ

ሰመር ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በሲልቨር ስፕሪንግም በአሌክሳንድሪያም ባለ ሐበሻ ቤት ሁሉ አንድ ስም ይነሳል፤ ሄርሺ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ያለች፣ ከዲሲ በመኪና ከሁለት ሰዓት ተኩል የማትርቅ፣ በቸኮሌቷና በመዝናኛ ፓርኳ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት። አካሄዳችንም የታወቀ ነው። ሌሊት አስር ሰዓት እንነሳለን፤ ፍርፍሩ ኩለር ውስጥ ይገባል፤ ፔርሙዙ በሻይ ይሞላል። አብሮን ሊሄድ የተቃጠረው ቤተሰብ «መንገድ ላይ ነን» እያለ ከቤቱ እስኪወጣ እንጠብቃለን፤ ከዚያ «ዘገየን፣ ዘገየን» እየተባባልን እንከንፋለን። ፓርኩ ሲከፈት ገብተን ሲዘጋ እንወጣለን። ሰኞ ሥራ ቦታ «ዊኬንድ እንዴት ነበር?» ሲሉን፣ ወገባችንን ይዘን «አሪፍ ነበር» እንላለን።

እኔ በዚህ ልማድ ላይ ካመፅኩ ሰንብቻለሁ። ፓርኩ የልጆች ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ቲኬቱን የቆረጠው፣ ለፓርኪንግ የከፈለው፣ የሰው ሁሉ ቦርሳ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ከሮለር ኮስተሩ ሥር የቆመው ሰውዬ ምን በደለ? የእሱ ድርሻ ያለው ከአጥሩ ውጪ ነው፤ ዙሪያውን። ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳ «ልጆቹ ሊጫወቱ መጥተው አንተ ታሪክ ልታስተምራቸው ነው?» አለችኝ። አዎ ነው መልሱ፤ ግን «ሆቴሉ ዋና አለው» አልኳት። ልጆቹ ሰሙ። ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ አለፈ።

አጋጣሚ ሆኖ ያኔ እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እኛ ዘንድ ነበረች፤ ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ። በፍልሰታ ጾመኛ ይዞ ወተት እንደ ውሃ ወደሚፈስባት ከተማ መሄድ ምን እንደሚመስል መገመት ነው።

ፓርኩን ቶሎ ልለፈው። ሚልተን ሄርሺ የተባለው የፋብሪካው ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1906 ለሠራተኞቹ መናፈሻ ይሁን ብሎ የከፈተው ነው። ዛሬ ልጆች በር ላይ በቁመታቸው ልክ የከረሜላ ስም ይወጣላቸዋል፤ አጭሩ ሚኒያቸር ተብሎ ይጀምርና እያደገ፣ እያደገ ሄዶ ጆሊ ራንቸር ይሆናል። የየትኛው መጫወቻ በር እንደሚከፈትለት የሚወስነው ይኸው ማዕረግ ነው። ትንሹ ልጄ ጸጉሩን ወደ ላይ አንጨባሮ፣ ተረከዙን በዘዴ አንስቶ መለኪያው ሥር ሲቆም እናቴ አየችና «ምልመላ ነው እንዴ?» አለች። ኮሜት ወደሚባለው፣ ከ1946 ጀምሮ ሲንቋቋ ወደሚኖረው የእንጨት ሮለር ኮስተር ስንደርስ ደግሞ ቀና ብላ አየችው፤ አማተበች፤ ጥላ ያለበት አግዳሚ ፈልጋ ተቀመጠች። ለእሷ ፓርኩ እዚያው ላይ አበቃ።

ከአጥሩ እንደወጡ ቸኮሌት ወርልድ አለ። መግቢያው በነጻ ነው፤ ሐበሻ ይህን እንዴት እንደሚዘነጋው አይገባኝም። ድሮ ጎብኚ የሚገባው ዋናው ፋብሪካ ውስጥ ነበር፤ ሰው ሲበዛባቸው በ1973 ይህንን ሠሩ። በምትሽከረከር ወንበር ተቀምጠው ካካዎው ሲቆላ፣ ሲፈጭ፣ ከወተት ሲዋሃድ ያያሉ። መንገድ ላይ የሚዘፍኑ ላሞች አሉ።

«ላሞቹ ምን አግኝተው ነው የሚዘፍኑት?» አለች እናቴ።

«ወተታቸው ቸኮሌት ስለሚሆን ነው፣ እማዬ።»

«ታለብን ብለው ነው የሚዘፍኑት?»

መልስ አልነበረኝም። መውጫው ላይ ለየሰዉ አንዳንድ ቸኮሌት ይታደላል። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ መርቃ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፤ ለፍስኩ። በነሐሴ ሙቀት ነጠላው ምን እንደሆነ አልናገርም።

ከተማዋን በእግር ማየትም ደስ ይላል። ቸኮሌት አቬኑ በሚባለው ዋና መንገድ ላይ የመብራቶቹ አናት ኪስስ የምትባለው ሾጣጣ ቸኮሌት ቅርጽ ነው፤ ገሚሶቹ ብር ወረቀታቸውን እንደለበሱ፣ ገሚሶቹ ራቁታቸውን። እየሄድን የሚልተን ሄርሺን ነገር ለእናቴ አወጋኋት። ላንካስተር ላይ የነበረውን የካራሜል ፋብሪካ በ1900 በአንድ ሚሊዮን ዶላር ሸጦ ወደ ቸኮሌት የዞረ ሰው ነው። ከባለቤቱ ከካትሪን ጋር ልጅ አልወለዱም። በ1909 ወላጅ ለሌላቸው ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ እሷ ከሞተች በኋላም ሀብቱን ለዚያው አወረሰ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ፤ ወንድም ሴትም ያስተምራል። ታይታኒክ ላይ ለመሳፈርም የ300 ዶላር ቀብድ ከፍሎ ነበር፤ ጉዳይ ገጥሞት ቀደም ብሎ በሌላ መርከብ ተመለሰ።

«እመቤቴ ናት ያወጣችው» አለች እናቴ፤ የፍልሰታ ሰሞን ስለሆነ ጥርጥርም አልነበራትም። «የስንቱን ሙት ልጅ እንጀራ ይዞ እንዴት ይስመጥ?»

ቅርጫት ኳስ ለሚወድ ልጅ ደግሞ ፓርኩ አጠገብ ያለውን አሮጌ አዳራሽ ከውጪም ቢሆን ማሳየት ነው። ዊልት ቻምበርሌን ማርች 2 ቀን 1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ ያስቆጠረው እዚያ ውስጥ ነው። ያን ማታ የገባው ተመልካች 4,124 ብቻ ነበር፤ ቴሌቪዥንም አልቀረጸውም። ትልቁ ልጄ ይህን ሲሰማ «ቪዲዮ ከሌለው በምን ታመነ?» አለኝ። እነዚህ ልጆች አድዋንም አንድ ቀን እንዲህ ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

ሙቀቱ ሲበረታ ሀመልስታውን ወደሚባለው ጎረቤት መንደር ነዳን፤ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ኢንዲያን ኤኮ የሚባል ዋሻ አለ። ውስጡ ክረምት ከበጋ 11 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከላይ ላብ በላብ ሆኖ የወረደው ጎብኚ ሁሉ በካናቴራው ሲንቀጠቀጥ፣ ጋቢዋን «ለክፉም ለደጉም» ብላ ከመኪና ያወረደችው እናቴ ብቻ እንደ ንግሥት ተጀቡና ቆመች። አስጎብኚዋ ልጅ ዊልያም ዊልሰን ስለሚባል ሰው ነገረችን። እህቱ ልጆችሽን ገድለሻል ተብላ ሞት ተፈረደባት። እሱ የፍርዱን ማቆያ ወረቀት ይዞ በፈረስ ሲጋልብ፣ ወንዙ ሞልቶ አዘገየውና በ1786 ከተሰቀለች በኋላ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሰው አልወደደም፤ እዚህ ዋሻ ገብቶ እስከ ሞተበት እስከ 1821 ድረስ ለ19 ዓመት ብቻውን ኖረ።

«ባሕታዊ ነው በለኛ!» አለች እናቴ። ከዚያ በኋላ አስጎብኚዋ ስለ ድንጋዩ አፈጣጠር ያለችው አንዱም አልተሰማትም፤ የት ይተኛ እንደነበር፣ ምን ይበላ እንደነበር ታስጠይቀኛለች። ባለቤቴ ቀስ ብላ «እማማ፣ እዚህ ግን ጠበል የለም፤ ከሚንጠባጠበው እንዳይጠጡ» አለቻት። በጊዜው ነው የደረሰችባት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሄርሺ ወደ ላንካስተር አውራጃ አንድ ሰዓት አይሞላም። አሚሾች ያሉበት አገር ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ስደት ሸሽተው የመጡ፣ ዛሬ በዚያ አካባቢ ብቻ ከ40 ሺህ በላይ የሆኑ አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው። መኪና አይነዱም፤ የመንግሥት መብራት ቤታቸው አያስገቡም፤ ያገባ ወንድ ጺሙን ያሳድጋል፣ የላይ ከንፈሩን ይላጫል። ልጆቻቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተምሩና ወደ እርሻው ያስገባሉ፤ በዚህ ተከሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው በ1972 ረትተዋል። ቅዳሜ ሂዱ፤ እሁድ ምንም አይሸጡም። ፎቶም ፊታቸው ላይ አትደግኑ፤ አይወዱም።

አስፋልቱ ላይ የመጀመሪያው ጋሪ ብቅ ሲል ልጆቼ ጮኹ። ግራጫ ክዳን ያለው፣ ከኋላው ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘን ምልክት የተለጠፈበት፣ አንድ ፈረስ የሚስበው። ከኋላው ቀስ ብለን ተከተልን። እናቴ በመስኮት ለረጅም ጊዜ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ሆቴል ተከራይተህ፣ ይህን ሁሉ ቤንዚን አቃጥለህ ያመጣኸኝ ጋሪ ልታሳየኝ ነው?»

ይሁን እንጂ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አስጎብኚው እኔ አልነበርኩም። በቆሎው ደርሷል፣ ይህኛው ማሳ አረም በዝቶበታል፣ ያ ጎተራ ውስጥ የተሰቀለው ትምባሆ ነው፤ ሁሉንም እሷ ነበረች የምታስረዳው። በአሜሪካ ምድር አንድ ነገር ከእኛ በላይ ስታውቅ የመጀመሪያዋ ነበርና ድምጿም ከፍ ብሎ ነበር። መንገድ ዳር ቲማቲምና ሐብሐብ በምትሸጥ አንዲት አሚሽ ሴት ጠረጴዛ አጠገብ ቆምን። ሴትየዋ ነጭ ቆብ፣ እናቴ ነጭ ነጠላ። እኔ አስተርጓሚ።

«ስንት ልጅ አለሽ በላት።»

«ሰባት» አለች ሴትየዋ።

እናቴ እልል አለች። ሴትየዋ ደንግጣ እኔን አየችኝ፤ ደስታ መሆኑን ገለጥኩላት። ከዚያ እናቴ ራቅ ብሎ ማሳው ላይ የተጠመዱትን እንስሳት አየች፤ ዓይኗን አጠበበች።

«ምንድን ናቸው እነዚያ?»

«በቅሎዎች ናቸው።»

«በበቅሎ ነው የሚያርሱት?» ድምጿ ተለወጠ። በቅሎ እኮ በእናቴ አገር የክብር ነገር ናት፤ ባላባት በወርቀዘቦ አሸብርቆ ይቀመጥባታል እንጂ ቀንበር አይጭንባትም። «በሬ የላቸውም? የሚሸጥላቸው ጠፍቶ ነው? አባቴ ይህን ቢያይ! በላት እንጂ፣ በቅሎ አይታረስባትም በላት!»

ሴትየዋ ፈገግ ብላ ትርጉሙን ትጠብቃለች። «በቅሎዎቻችሁ ጠንካራ ናቸው እያለች ነው» አልኳት። አመሰገነች። እናቴም ምክሯ ተቀባይነት እንዳገኘ ቆጥራ ተጽናናች፤ አንድ ሐብሐብ ገዛን።

ላንካስተር ከተማ ሴንትራል ማርኬት የሚባል ገበያ አላት። ከ1730ዎቹ ጀምሮ እዚያው ቦታ ላይ ሲገበያዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ አሁን ያለው ቀይ የጡብ ሕንፃ የ1889 ነው። የሚከፈተው ማክሰኞ፣ አርብና ቅዳሜ ነው፤ በጠዋት መግባት ይሻላል። እናቴ ከአትክልቱ ወደ አበባው፣ ከአበባው ወደ ዳቦው ስትል ቆይታ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለች። ቅቤ ነበር፤ ቢጫ፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ክንድ የሚያህል። አንስታ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋችው። ዓይኗን ጨፈነች።

ባለቤቴ «እማማ፣ ፍልሰታ እኮ ነው» አለቻት።

«ማሽተት ጾም አያስፈታም፣ ልጄ። ይሄ ነው ቅቤ! እዚህ አገር ቅቤ የለም ያለው ማነው?»

ስንት እንደሚቀንሱላት እንድጠይቅ አዘዘችኝ፤ ጠየቅሁ፤ ሰውየው የጠየቅሁትን እስኪረዳ ጊዜ ወሰደበት፤ ሲረዳውም አልቀነሰም። እናቴ ግን የምትመለስ ሴት አልነበረችም። ፍርፍሩ ያለቀበት ኩለር ተጠርቶ መጣ፤ በረዶ ተገዛ፤ ቅቤው ተደረደረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጉዟችን አለቃ ያ ኩለር ሆነ። በ1832 የተመሠረተውን የስትራስበርግ ባቡር፣ ጭሱን እያትጎለጎለ በበቆሎ ማሳ መሐል የሚያልፈውን፣ ልጆቹ የተሳፈሩት አንዳችን ኩለሩን እየጠበቅን ነው። ሊቲትዝ መንደር ከ1861 ጀምሮ ፕሬትዝል የሚጋገርበት ቤት ገብተን ሊጡን መጠምዘዝ ሲያስተምሩን እናቴ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ብቻ መሆኑን አስጠይቃ አረጋግጣ በላች፤ ግን ዓይኗ መኪናው ላይ ነበር።

እሁድ ጠዋት ሆቴል ውስጥ ቅዳሴውን በስልክ በቀጥታ ተከታተለች፤ ልጆቹም ዋናቸውን ዋኙ። ከዚያ በ15 ቁጥር መንገድ ወደ ቤት። መንገዱ ጌቲስበርግን ይነካልና ሳይቆሙ ማለፍ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 እስከ 3 ቀን 1863 የአሜሪካ የሰሜንና የደቡብ ግዛቶች ጦር እርስ በርስ የተዋጋበት ሜዳ ነው፤ ከሁለቱም ወገን የሞተው፣ የቆሰለው፣ የተማረከውና የጠፋው ተደምሮ ወደ 51 ሺህ ይጠጋል። እናቴ በረድፍ ከቆሙት መድፎች አንዱን በእጇ ነካ አድርጋ የወጋቸው ጣልያን ይሁን ማን ይሁን ጠየቀች። እርስ በርሳቸው መሆኑን ስነግራት «እነዚህም?» ብቻ አለችኝ።

የሞቱት ወታደሮች የመቃብር ቦታ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 19 ሲመረቅ ዋናው ተናጋሪ ሊንከን አልነበረም፤ ኤድዋርድ ኤቨረት የተባለ ዝነኛ ተናጋሪ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ያህል ተናገረ። ቀጥሎ ሊንከን ተነስቶ በሁለት ደቂቃ ገደማ ጨርሶ ተቀመጠ። ዓለም በቃሉ የሚይዘው ያንን የሁለት ደቂቃውን ነው። ይህን የማኅበር ስብሰባችንንና የሠርግ ዲስኩራችንን ለሚመሩ ሁሉ በየፖስታ ሳጥናቸው ብልክላቸው እወድ ነበር። በተለይ «አንድ ነገር ብቻ» ብለው ማይክ ለሚይዙት።

እኔ ግን ከጌቲስበርግ እስከ ፍሬድሪክ ድረስ፣ መሪውን ይዤ፣ የሦስቱን ቀን ውጊያ ኮረብታ በኮረብታ ስተርክ መጣሁ። ማን በየት ከበበ፣ ማን ትእዛዝ አሳሳተ፣ ጄኔራል ፒኬት ምን ሆነ። ትልቁ ልጄ ከኋላ «ዳዲ፣ ሊንከን እኮ ሁለት ደቂቃ ነው የፈጀበት» አለ። ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ታሪክ ያለ ዝርዝር ምን ዋጋ አለው ብዬ ልመልስ ስል እናቴ ቀደመችኝ።

«ወሬውን ተወውና፣ ልጄ፣ ያን ቀዝቃዛ አየር ወደኋላ አብዛልን። ቅቤዬ ሊቀልጥ ነው።»