ላም አለኝ በኮምፒውተር

አጎቴ ከሰሜን ሸዋ አዲስ አበባ የመጡት የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ ነበር። ተገፈፈላቸው። ሐኪሙ «ለሁለት ሳምንት አቧራ እንዳይነካዎት፣ እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ ነገርም እንዳያነሱ» ብሎ ሲያሰናብታቸው እኔ ቤት እንዲቆዩ ተወሰነ። ዕድሜውን ሙሉ አጎንብሶ የኖረ ገበሬ «አታጎንብስ» ሲባል ምን ይሠራል? ይቀመጣል። የት ይቀመጣል? ሳሎን። ሳሎን ውስጥ ማን አለ? እኔ፣ ኮምፒውተሬና አሥራ አንድ ላሞቼ።

ላሞቼ የሚኖሩት ሪምወርልድ በሚባል የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ነው። ታይናን ሲልቬስተር የሚባል ካናዳዊ ለዓመታት ሲያበስለው ቆይቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ሙሉውን አወጣው። መርከባቸው የተሰበረባቸው ሦስት ሰዎች ከአንድ የቤት እንስሳ ጋር ሰማይ ጥግ ያለች ፕላኔት ላይ ይወድቃሉ። ተጫዋቹ ከላይ ሆኖ እንደ ጭቃ ሹም ሥራ ያከፋፍላል፦ አንተ ቤት ሥራ፣ አንቺ ዝሪ፣ አንተ አብስል። እነሱም ደስ ካላቸው ይታዘዛሉ፤ ከከፋቸው ዕቃ ይሰብራሉ። ጓደኞቼ ምሽግ ሠርተው ወራሪ ይመክታሉ፤ ጎበዞቹም አዲስ መርከብ ገጥመው ከዚያች ፕላኔት ያመልጣሉ። እኔ ከብት ላይ ቀረሁ። ባለቤቴ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለች ትተርትብኛለች። ልዩነቱ እኔ ወተቷን ማየቴ ነው፤ ከስክሪኑ ግራ ጥግ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል።

አጎቴ መጀመሪያ ቴሌቪዥን የማይ መስሏቸው ነበር። በሁለተኛው ቀን ፋሻው ሲነሳላቸው ጠጋ ብለው አዩ።

«ይቺ ሴትዮ ጫካ ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ድብ እያላመደች ነው ጋሼ።»

«ለምን?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ የለኝም። እንዴት እንደሚላመድ ግን አስረዳኋቸው። እንስሳውን እመርጥና «አላምዱ» ብዬ ምልክት አደርግበታለሁ። እንስሳት የመግራት ሥራ የተሰጣት ሴት ከጎተራው ምግብ ይዛ ትሄዳለች፤ ቀስ ብላ ትጠጋዋለች፣ ታባብለዋለች፣ ከእጇ ታበላዋለች። ከዚያ በኋላ ዕጣ ነው። የእሷ ችሎታና የእንስሳው አውሬነት ተመዝነው ወይ ይላመዳል ወይ ምግቡን ጨርሶ ይሄዳል። ነገ እንደገና ነው። አንዳንዱ ደግሞ ማባበሉ ሲሰለቸው ይናደዳል። ይህን እያስረዳሁ ሳለ ድቡ ተናደደ።

አጎቴ እስከ መጨረሻው በጸጥታ ተመለከቱ። «ስንት ጣት ቀራት?» አሉ። ሰባት። እስከ ዛሬም በሰባት ጣቷ ነው የምታልብልኝ።

ውሻው ግን ደስ አላቸው። በጨዋታው ውሻ ደረጃ በደረጃ ይሠለጥናል፤ ጌታውን መጠበቅ፣ ሲታዘዝ መንከስ፣ የቆሰለ ጎትቶ ማምጣት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕቃ ማጓጓዝ። አጎቴ ውሻ ድንች ተሸክሞ ወደ ጎተራ ሲገባ አይተው ከት ብለው ሳቁ። ያው ውሻ ማታ ተመልሶ እዚያው ጎተራ ገብቶ ለሰዎቹ የተሠራውን ምርጥ ወጥ ሲበላ ደግሞ የባሰ ሳቁ። «ይሄስ የኛው ነው» አሉ። ድንበር ተሰምሮለት «ከዚህ አትለፍ» ካልተባለ የሠለጠነ ውሻም ውሻ ነው። ከዱር የመጣ አውሬ ደግሞ ሥልጠናውን ካልደጋገሙለት ይረሳዋል፤ ሠልጣኝም አሠልጣኝም እስኪደክም ትምህርቱ አያልቅም።

ነገር የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ላሞቹ ጋ ስንደርስ ነው። ወንበራቸውን አስጠጉና ስክሪኑን በጣታቸው ነክተው፣ «ይቺ ማን ትባላለች?» አሉ። (አሻራቸው አሁንም አለ፤ አልጠረግኩትም።)

«ላም 3።»

«ስሟን ነው የጠየቅኩህ።»

ጨዋታው ለከብት የሚሰጠው ተራ ቁጥር ነው። አጎቴ ግን ቁጥር ለእስረኛ ነው አሉ። በአንድ ከሰዓት አሥራ አንዱንም አስጠሩኝ፤ እኔ ተየብኩ። ቡሬ፣ ዳልቻ፣ ቦራ እያሉ ወረዱ። ዳልቻ ያሏት ዳልቻ አልመሰለችኝም፤ ግን ሞራው የተገፈፈው የሳቸው ዓይን ነው፣ ምን እላለሁ?

ሰባት ጣቷ መጥታ ቡሬን ስታልብ፣ «ጥጃዋስ?» አሉ።

«የላትም።»

«ሞተባት?»

«ኧረ አልወለደችም ጋሼ።»

አጎቴ ዘንድ ጥጃዋ ቀድማ ትጠባለች፣ ላሚቱ ወተቷን ስትለቅ ጥጃዋ ትሳባለች፣ ከዚያ ይታለባል። በሪምወርልድ ያደገች ላም ሁሉ ትታለባለች፤ የወለደች ያልወለደች የሚል ጥያቄ የለም። «እንዲህ ያለችውን እኛ ጋ ጠበል ነው የምንወስዳት» አሉና ወደ በሬው ዞሩ። መቼ እንደሚጠመድ ጠየቁ። አይጠመድም አልኳቸው። ሰዎቹ በምን እንደሚያርሱ ጠየቁ። በእጃቸው አልኳቸው።

«በሬ እያላቸው!»

ከዋክብት አቋርጦ የመጣ ሕዝብ ሞፈርና ቀንበር አለማወቁ ለሁለት ቀን ከአፋቸው አልወጣም። ባለቤቴ ቡና ስታቀርብ ለእሷም ነገሯት። እሷም፣ ይቅር ይበላትና፣ «ባሌም አያውቅም» አለቻቸው።

መኖ ላይ ግን ተጣላን። ጨዋታው ውስጥ ኪብል የሚባል ምግብ አለ፤ ሃያ ድርቆሽ ወይም አትክልት ከሃያ ሥጋ ጋር ተፈጭቶ ሃምሳ ኪብል ይወጣዋል። አይበላሽም፣ ለማስቀመጥ ይመቻል፣ ሁሉም ይበላዋል። በስሌቴ ኮርቼ ሳብራራ አጎቴ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ለላም ሥጋ?» አሉ። ጨዋታ ነው አልኩ። «ጨዋታስ ቢሆን!» አሉ። ማታ ብቻዬን ሆኜ ሳስበው እውነታቸውን ነው። እንግሊዞች ላምን የሥጋና የአጥንት ዱቄት ሲያበሉ ቆይተው በ1986 እ.ኤ.አ. የእብድ ላም በሽታ የተባለው ነገር ተገኘባቸው። አጎቴ ይህን አላነበቡም፤ ማንበብም አላስፈለጋቸውም።

በማግስቱ ሌላ ጥያቄ ይዘው ተነሱ። ሰዎቹ ቢራ ይጠምቃሉ አይደል? ይጠምቃሉ። «አተላውን ታዲያ የት ይደፉታል?»

እዚህ ላይ አፈርኩ። ስንት ሺህ ሰዓት የተደከመበት ጨዋታ አተላ የለውም። ላም በአተላ የምትወፍርበት አገር ሰው ቢያማክሩ ኖሮ ኪብል የሚባል ጉድ ባልመጣ። ነገሩን ለማለሳለስ የሌላ ጨዋታ ወሬ አመጣሁ። ድዋርፍ ፎርትሬስ ይባላል፤ ታርን እና ዛክ አዳምስ የተባሉ ወንድማማቾች በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ የሪምወርልድ ታላቅ ወንድም የሚባል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. እዚያ ጨዋታ ውስጥ ድመቶች በጅምላ ይሞቱ ጀመር። ተጠና። ለካ ጠጅ ቤት ወለሉ ላይ መጠጥ ይደፋል፣ ድመቶቹ ይረግጡታል፣ ከዚያ እንደ ድመት ወግ መዳፋቸውን ይልሳሉ። ጨዋታው ደግሞ አንድ ጊዜ መላሱን እንደ ሙሉ መለኪያ ይቆጥርባቸዋል። ሰክረው ነው የሞቱት።

አጎቴ ትንሽ አሰቡና፣ «በዓል ላይ አንዲት እንዲህ የሆነች ነበረችን» አሉ። ታረቅን።

የሪምወርልዷ ፕላኔት ዓመቷ ስድሳ ቀን ነው፤ አራት ወቅት፣ ለእያንዳንዱ አሥራ አምስት ቀን። ብርዱ ሲገባ ሣሩ ማደግ ያቆማል፤ በረቱ ውስጥ ያለው ከብት ቀድሞ የታጨደ ድርቆሽ ከሌለው አለቀለት። የበረቱ ምልክት ሲነካ ሣሩ ምን ያህል እንደሚያድግና ከብቱ ምን ያህል እንደሚበላ በቁጥር ያሳያል። አጎቴ ቁጥሩን አስነበቡኝ። አንዴ ሰሙና፣ «ብርዱ ሳይመጣ አራቱን ሽጥ» አሉ። ነጋዴ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። አልሸጥኩም። ስም ያወጡላቸው እሳቸው፣ ሽጣቸው የሚሉም እሳቸው! አልሆነልኝም።

ብርዱ በገባ በዘጠነኛው ቀን ድርቆሹ አለቀ። መጀመሪያ የወደቀችው ቡሬ ናት። «ሞታለች» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣ አጎቴ እንዳነብላቸው አልጠየቁም፤ የወደቀ ከብት ያለ ፊደልም ይነበባል።

በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ።

ሻማ አብርተን ተቀመጥን። ሲመጣ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጨዋታው በየቀኑ ራሱን እየመዘገበ ስለሚሄድ የመለሰን ወደ ቀደመው ጠዋት ነው። ነጋዴው ሄዷል፣ ድርቆሹ ጥቂት ቀርቷል፣ ቡሬ ቆማለች። አጎቴ አማተቡ።

«ተመለሰች?»

«መብራቱ ነው ጋሼ። ወደ ኋላ ወሰደን።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስክሪኑን ሳይሆን መስኮቱን እያዩ፣ «በሰባ ሰባቱ ድርቅ ይሄ ቢኖር» አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «በል አሁን አራቱን እረድ፤ ቡሬን እንዳትነካ» አሉ። አራቱን አረድን፤ ሰባቱ ብርዱን ወጡ።

ዶሮዎቹን ባጭሩ ልለፋቸው። አንድ አውራና ሦስት ሴት ይዤ ጀምሬ የቁጥሩን ነገር መቆጣጠር አቅቶኝ ኮምፒውተሩ እስኪያዘግም ደርሼ ነበር። ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጨዋታው ለዚህ መፍትሔ አምጥቷል፤ ከዚህ ቁጥር ሲበልጥ ራሱ ያሳርዳል። አጎቴ ማን በስመ አብ እንደሚል ጠየቁ። ማንም። እስኪሄዱ ድረስ ያንን ዶሮ በጥርጣሬ ነው ያዩት።

ከመሄዳቸው አንድ ቀን በፊት ቡማሎፕ አገኘሁ። አጋዘን የምትመስል፣ ጀርባዋ ያበጠ፣ ስትታለብ ወተት ሳይሆን ነዳጅ የምትሰጥ ፍጥረት ናት። ነዳጅ ሲባል አጎቴ ቀና አሉ፤ ወደ እኔ ሲመጡ ሚኒባሱ ነዳጅ ማደያ ሰልፍ ላይ ያስቆያቸውን ረጅም ሰዓት አልረሱም። ስንት ሊትር እንደምትሰጥ፣ ምን እንደምትበላ ጠየቁ። ስትሞት እንደምትፈነዳ ስነግራቸው ግን ጥያቄው ሁሉ ቆመ።

«ከከብቱ ለያት። ከድርቆሹ አርቃት።»

«እሺ ጋሼ።»

«ዛሬውኑ።»

«እሺ።»

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ አደረስኳቸው። ማታ የሸኘሁት ሰው ሐዘን ይዞኝ ጨዋታውን ከፈትኩና አጥሩን ነገ እሠራዋለሁ ብዬ ተውኩት። ሌሊት ተኩላ መጣ። ቡማሎፗ ፈነዳች፣ እሳቱ አጥሩን ያዘ፣ ከአጥሩ ድርቆሹን፣ ከድርቆሹ በረቱን። ይህኛውን መብራት እንዲመልስልኝ ብጠብቅ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ አልጠፋም።

አጎቴ በየሳምንቱ እሁድ ይደውላሉ። ዓይናቸው ደህና ነው፤ በመርፌ ክር ራሳቸው ያስገባሉ። የልጆቹን ጤና ይጠይቃሉ፣ የባለቤቴን ይጠይቃሉ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቡሬስ?» ይላሉ። ባለፈው እሁድ ወልዳለች አልኳቸው። ጥጃዋ ምን እንደሆነች ጠየቁ። ሴት ናት አልኩ። አሁን ስም እያሰቡላት ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብለዋል፤ እስከዚያ ቡሬ የምትመስል ላም ፈልጌ ማላመድ አለብኝና፣ በመንገድ ብታገኟቸው አደራችሁን ምንም እንዳታወሩ።