ስድስት ያልተሠሩ ኤንትሬዎች ይሸጣሉ

ከወልድያ ተነስቶ በሮቢትና በቆቦ ወደ አላማጣ የሚዘልቀው አስፋልት ከተማችንን ጎብዬን ሳይረግጥ አያልፍም። በጣሊያን ጊዜ ትሬንታ ኳትሮ፣ በጃንሆይ ጊዜ ኤንትሬ የሚባሉት የጭነት መኪኖች አለፉበት፤ ዛሬ ሲኖትራክና ቅጥቅጥ ያልፍበታል። ስለ ቅርስ መኪና አስተያየት ለመስጠት ከእኛ የሚቀድም የለም፤ ቢያንስ አቧራውን ቅመናል።

ቅጥቅጡን ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሻንሲውና ሞተሩ ለጭነት የተሠራ የጃፓን አይሱዙ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የባትላሜራ እጅ ሥራ። በሩ ላይ መዶሻው ያጎደጎደውን ስቱኮ ሞልቶታል፤ በስቱኮው ላይ ቀለም፣ በቀለሙ ላይ ሌላ ቀለም፤ ቀለሙ በተላጠበት ጥግ ብየዳው ይታያል። ወንበሩ ቱቦላሬ ነው። ረዳቱን «ኦሪጅናል ነው?» ብትሉት ይስቅባችኋል። ምስኪን! በዚህ ሳቁ ስንት ሚሊዮን እንደሚያጣ ማን በነገረው።

ፈረንጅ አውቆበታል። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው ካሮል ሼልቢ ኤሲ ከተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሻንሲና ቦዲ ወስዶ የፎርድ ቪ8 ሞተር ጫነበትና ኮብራ አለው። እንግሊዛዊ ገላ፣ አሜሪካዊ ልብ፤ እኛ ሰፈር ቢሠራ ኖሮ ስሙ ይታወቃል። የተሠሩት አንድ ሺህ ገደማ ስለሆኑ ዛሬ ዋጋቸው አይቀመስም፤ አስመስሎ የተሠራውን ግን ቆጥሮ የጨረሰው የለም። ሼልቢም ሌላው ሲያስመስል እኔ ለምን ይቅርብኝ ሳይል አልቀረም፤ ከ1965 የተረፉ ናቸው ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዚያን ዘመን ሊብሬ አወጣ። ሻንሲዎቹ ትኩስ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1993 ሎስ አንጀለስ ታይምስ አጋለጠ። ቆቦ ላይ ሻንሲ ቁጥር ሲፍቅ የተያዘ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ያድራል። እዚያ ግን ሊቃውንቱ «ባለቤቱ ራሱ ከሠራው ሐሰተኛ ይባላል ወይ?» እያሉ እስከ ዛሬ ጢማቸውን ያሻሉ።

ጃጓር ደግሞ የበለጠ ጨዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ለውድድር 18 ቀላል ኢ-ታይፖች ሊሠራ አስቦ 12 ላይ አቆመ። ሃምሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ2014፣ «የጎደሉትን» ስድስቱን ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1957 እሳት ኤክስኬኤስኤስ የተባሉ ዘጠኝ መኪኖቹን በልቶበት ነበር፤ በ2016 እነሱንም ከአመድ እንደሚያስነሳ አስታወቀ፣ አንዱን ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚለው ተረታችን እንግሊዝ አልደረሰም መሰለኝ። እነዚህን ኮፒ ማለት ነውር ነው፤ «ኮንቲኒዌሽን» ይባላሉ። ይኸው ኩባንያ ሲ-ታይፕ የተባለ መኪናውን አስመስለው የሠሩ ባልና ሚስት ስዊድን ውስጥ ፍርድ ቤት ገትሯል። ደግ አደረገ! ባልና ሚስት ሲሠሩት ስርቆት፣ ኩባንያው ሲሠራው ትንሣኤ ነው። ልዩነቱ ያልገባው ሰው ሊብሬ አንብቦ አያውቅም።

  

ወደ ገበያችን እንመለስ። በ1957 ዓ.ም. ለጎብዬ ሊታዘዙ ሲገባቸው ያልታዘዙ፣ ያልተሠሩና ያልመጡ ስድስት ፊያት 682 ኤንትሬዎች መኖራቸውን ደርሰንበታል። የሚቀራቸው መሠራት ብቻ ነው። ሞተራቸው አይሱዙ ቢሆን ቅር የሚለው ካለ ከኮብራ ባለቤቶች ጋር ይነጋገር። የትክክለኛነት ማረጋገጫውን ባትላሜራችን ይፈርማል። ዝገት የሚፈልግ ገዢ በተጨማሪ ሂሳብ ይዘገንለታል።

አንድ የዕድሜ ጣጣ አለች። ካሊፎርኒያ በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹን 500 በግል የተገጣጠሙ መኪኖች ጭስ በሚመስሉት ዘመን ደንብ እንዲለካ ትፈቅዳለች፤ እዚያ ማርጀት ያስምራል። እኛ ዘንድ ግን አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ጣለ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። አርጅተው ቢመጡ ቀረጥ፣ አዲስ ሆነው ቢመጡ የአውቶሞቢሉ ክልከላ ለጭነት መኪናም እንዳይተርፍ ያሰጋል። ስለዚህ ለገዢ የ1957 ናቸው እንላለን፤ ለጉምሩክ ገና አልተወለዱም። ሁለቱም ቃል በቃል እንደ ጃጓር እውነት ነው።

ቁጥር 1 ለዲያስፖራ ተይዟል። አምስቱ ይቀራሉ፤ ሻንሲ ቁጥራቸው ለጊዜው በኖራ ስለተጻፈ ዝናብ ሳይመጣ ፍጠኑ። ቀብድ በጥሬው እንቀበላለን፤ ብሩ ግን ኦሪጅናል ይሁን።