የካብ ጥበብ በሃናካፒያይ

ድንጋይ በድንጋይ ላይ መካብ በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት ሰሜናዊ ጠረፍ ጎብኚዎች የሚያዘወትሩት ሥራ ነው። የካላላው የእግር መንገድ ከኬኤ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በናፓሊ ገደሎች ላይ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ከ3 ኪሎ ሜትር በኋላ የሃናካፒያይ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ይደረሳል፤ ወንዙን ይዞ ሌላ 3 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የወጣ 90 ሜትር ገደማ የሚወረወር ፏፏቴ ያገኛል።

ፏፏቴ ማየት ብቻውን ግን እንደ ጉብኝት አይቆጠርም። ጎብኚው ጫማውን ያወልቃል፤ ከወንዙ አምስት ድንጋይ ይለቅማል፤ ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ አድርጎ ይክባል፤ ትንፋሹን ውጦ የመጨረሻዋን ጠጠር ያሳርፋል፤ ፎቶ ያነሣና ይሄዳል። ቀጣዩ ደግሞ ከጎኑ ይክባል። ከዚያ በኋላ ካብ ለካብ መተያየት ነው።

የሥራው ጥቅም ብዙ ነው። አንደኛ፣ ደሴቲቱ 5 ሚሊዮን ዓመት ያህል የፈጀባት መልክ ገና እንዳልተጠናቀቀ የተረዳው ጎብኚ በአምስት ደቂቃ ይጨርስላታል። ሁለተኛ፣ ካብ መንገድ ያመለክታል፤ በየአቅጣጫው ሲካብ ደግሞ በየአቅጣጫው ያመለክታል። ሦስተኛ፣ የጥንቱ ነዋሪ ጎደሬ የተከለበት የእርከን ካብ በሸለቆው ስላለ ድንጋይ ከሩቅ መሸከም አያስፈልግም።

ዋናው ተጠቃሚ ኦኦፑ የተባለው ዓሣ ነው። ጫጩቱ በጅረቱ ተወስዶ ባሕር ይገባል፤ ከወራት በኋላ ተመልሶ ወንዙን ሽቅብ ይጓዛል። አንዳንዱ ዓይነት በሆዱ ባለው መምጠጫ አለት ላይ እየተለጠፈ ፏፏቴ ይወጣል። ይህ ሁሉ ችሎታ እያለው የሚኖረው ግን ድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ነው፤ ዕንቁላሉንም እዚያው ድንጋይ ላይ ይለጥፋል። ጎብኚው ይህን ኋላ ቀር አኗኗር አይቶ አላስቻለውም፤ ድንጋዩን ከነዕንቁላሉ አውጥቶ ኮንዶሚኒየም ሠራለት። ሕንፃው ባለ አምስት ወለል ነው፤ ፀሐይ እንደ ልብ ይገባዋል። ውሃ የለውም፤ ይህ ግን ኮንዶሚኒየም ለሚያውቅ እንግዳ ነገር አይደለም። ሊፍትም የለውም፤ መምጠጫው ለምን ተፈጠረ! ዕጣ የወጣለት ዓሣ አምስተኛ ወለል ወጥቶ የባሕሩን ነፋስ እየተቀበለ ይደርቃል። ዕጣ ያልወጣለት እዚያው ወንዝ ውስጥ፣ ጣሪያው እንደተነሣ፣ የልማት ተነሺ ሆኖ ካሳ ይጠብቃል። ካሳው እስኪከፈል ሌላ ጎብኚ ይደርስና የጎረቤቱንም ጣሪያ ያነሣል፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ግንባታ በዚሁ ይጀመራል።

ዕንቁላል ያለበትን ድንጋይ ከውሃ ማውጣት ዕንቁላሉን መግደል ነው። ለአንድ ፎቶ ሲባል የሚደረግ ብልግና ነው። ድንጋዩን ተዉት።

ካቡን የሚያፈርሰው ጎርፍ ነው። ከደሴቲቱ መካከል ያለው የዋያሌያሌ ተራራ በዓመት 10 ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ከላይ ሲዘንብ የሃናካፒያይ ወንዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። በሚያዝያ 2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ100 በላይ ተጓዦች ወንዙ ሞልቶባቸው ማዶ ቀርተው በነፍስ አድን ሠራተኞች ወጥተዋል። ጎርፉ ሲጎድል ግንባታው ከመሠረቱ ይጀመራል።

የሰው ኃይል እጥረት አያሰጋም። ከ2019 ወዲህ የመንገዱ መነሻ የሆነው ፓርክ በቀን የሚያስገባው ጎብኚ ቢበዛ 900 ነው፤ ሁሉም አምስት አምስት ድንጋይ ቢያነሣ 4,500 ይሆናል። ነገም እንደዚሁ።