የሚሸጥልን ሞልቷል፣ የሚገጥምልን አጣን

«ገፈርሳ ላይ ደግሞ ኤሲ ለምን?» የማይለኝ ሰው የለም። መመለሱ ራሱ አድክሞኛል። አብዛኛው ሰው ኤሲን የሚያውቀው ከድሬዳዋ፣ ከሰመራ ወይም ከጋምቤላ ስለሆነ ሙቀት የሚያባርር ዕቃ ነው ብሎ ይዞታል። እኔ የፈለግሁት ብርድ እንዲያባርርልኝ ነው። ገፈርሳ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የሚወርደው ውርጭ የጓሮ ጎመን ያጠወልጋል። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ፀሐይ እንደናፈቀችን ቀናት ያልፋሉ፤ ብርድ ልብሱ ሳይቀር ይረጥባል፣ ከገፈርሳ ግድብ በኩል የሚነፍሰው አየር በበሩ ሥር እየገባ እግር ያደነዝዛል።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ያማታል፣ ሌሊት ሌሊት ያስላታል። ሰፈሩ ብርዱን የሚያልፈው በከሰል ነው። ምድጃውን ክፍል ውስጥ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይወስዳል። «ፍሙ ከቀላ አይጎዳም» የሚባለው ውሸት ነው፣ ጢሱ ቢጠፋም ጋዙ አለ። ይህን እያወቅን እናስገባዋለን፣ ምክንያቱም ብርዱ አይቻልም። እኔ እናቴ ክፍል ከሰል እንዳይገባ ቁርጥ አድርጌ ወሰንኩ።

ሶኬት ላይ የሚሰካው ሂተር 2,000 ዋት በልቶ የሚሰጠው ያንኑ 2,000 ዋት ሙቀት ነው። የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ኤሲ ግን ሙቀቱን ራሱ አያመነጭም፤ ከውጭው አየር ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። ደጁ ለእኛ ቢበርደንም በአየሩ ውስጥ ሙቀት አለ። በውጭኛው ሳጥን የሚዞረው ጋዝ ከአየሩ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ያንን ሙቀት ይስበዋል፣ ኮምፕረሰሩ ይጨምቀዋል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሳጥን ወደ ክፍሉ ይለቀዋል። ደኅና ማሽን ሁኔታው ከተመቸው 1 ኪሎዋት በልቶ 3 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት ያደርሳል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ነው ገንዘብ ማጠራቀም የጀመርኩት። ምርጫዬ ትክክል ነበር፣ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ። ያበገነኝ ከገዛሁ በኋላ የመጣው ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ክፍሉ ስንት ካሬ ነው?» ስትነግሩት «9 ሺህ ይበቃል» ወይም «12 ሺህ ይውሰዱ» ይላል፤ ቢቲዩ ማለቱ ነው። ቤቱ የት ነው፣ ኮርኒስ አለው ወይ፣ በሩ ላሜራ ነው ወይ፣ መብራቱ ማታ ስንት ቮልት ይመጣል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር የወጣው በባሕር ጠለል አየር ነው። እኛ ጋ አየሩ ከዚያ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ቢዞርም የሚገፋው አየር ያንሳል፣ የሚያደርሰውም ሙቀት አብሮ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ደጁ በቀዘቀዘ ቁጥር የማሽኑ አቅም ይወርዳል፤ ማለትም በጣም በምንፈልገው ሰዓት ነው የሚደክመው። ይህን ሻጩ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ለደገኛ የሚሸጥ ሰው ስለ ደጋ ማወቅ አለበት።

ቀጥሎ የዋስትናው ነገር መጣ። አፍ ላይ ዋስትና አለው፤ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ግን በእነሱ ባለሙያ ካልተገጠመ አይጸናም ይላል። ጥሩ፣ ባለሙያውን ላኩልኝ ስል ደግሞ ገፈርሳ «ከከተማ ውጭ» ሆነች። ከአስኮ በቡራዩ አድርጎ የሚመጣው የአምቦ አስፋልት ነው፤ ታክሲው ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለዋል። የገፈርሳ ግድብ ከእኔም ከሻጩም ዕድሜ በፊት ጀምሮ አዲስ አበባን ውሃ ያጠጣል። ውሃው ሲሄድ ቅርብ የሆነው አገር ባለሙያ ሲጠራ ለምን እንደሚርቅ አይገባኝም። ይህ የእኔ ብቻ ጣጣ አይደለም። ጎረቤቶቼ የውሃ ፓምፕ ሲያስገጥሙ፣ ሮቶ ሲያሰቅሉ፣ የሻወር ማሞቂያ ሲያስገቡ ያንኑ ሰምተዋል። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ እደጃችን ይደርሳል፤ ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ግን አይደርስም።

የቀረን በሰው በሰው የሚገኝ ልጅ ነው። «ነገ በጠዋት ከች እላለሁ ጋሼ» ይላል። ነገ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ከነገ ወዲያ «ሌላ ሥራ ይዞኝ ነው» ይላል። ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ቤቱን ከፍቶ፣ ዕቃውን ከጥግ ጎትቶ አውጥቶ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያደክም የጠበቀ ያውቀዋል። የቧንቧውም፣ የብየዳውም፣ የቀለሙም ሰው እንዲሁ ነው። ቀጠሮ ማለት የሁለት ሰው ቃል ነበር፤ እኛ ጋ የጠባቂው ግዴታ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

መጣ በመጨረሻ። ለቱቦው ግድግዳውን በሳ። ቀዳዳው ከውስጥ ወደ ውጭ በትንሹ ማዘቅዘቅ ነበረበት፤ ሲያቀዘቅዝ የሚጠራቀመው ውሃ በዚያ ወርዶ እንዲወጣ፣ የደጁም ዝናብ ተመልሶ እንዳይገባ። የእኔው በተቃራኒው ነው የተበሳው። የመጀመሪያው የሰኔ ዶፍ ሲወርድ ውሃው በቱቦው ላይ እየተንሸራተተ ገባ። ዛሬ ከሳጥኑ ሥር እስከ እናቴ አልጋ ራስጌ ድረስ ቡናማ መስመር ወርዷል፤ ቀለሙ ተልጦ ሲነኩት ይረግፋል። ለውጭኛው ሳጥን የታሰሩት ብረቶች ደግሞ ብሎኬቱ ላይ በተራ ፊሸር ነው የተያዙት። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ ሠላሳ ኪሎ ገደማ የሚመዝንና የሚንቀጠቀጥ ዕቃ በፊሸር አይሸከምም። ብሎኑ ግድግዳውን አልፎ ከውስጥ በብረት ሳህን መያዝ ነበረበት፤ ወይም ሳጥኑ መሬት ላይ፣ በኮንክሪት መደብ ይቀመጣል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያንዘረዝር ከርሞ አወረድነው፤ መደቡን በራሴ ወጪ አሠራሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየው ነው። ሁለቱ ሳጥኖች በመዳብ ቱቦ ከተገናኙ በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት፤ ጋዙ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ፓምፕ አልያዘም። ቫልቩን ትንሽ ከፈት አድርጎ ጋዙ አየሩን ገፍቶ እንዲያወጣው አደረገ፤ ፉጨቱ እስከ በረንዳ ይሰማ ነበር። በዚህ መንገድ እርጥበቱ አይወጣም። ውስጥ ቀርቶ ከዘይቱ ጋር አሲድ ይፈጥራል፣ ቀስ እያለ ኮምፕረሰሩን ይበላዋል። ማሽኑ ዛሬ ይሠራል፤ የሚሞተው ዋስትናው ካለፈ በኋላ ነው። የወጣውም ጋዝ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ አር 410 ኤ የሚባለው ጋዝ የአየር ንብረትን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 እጥፍ በላይ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓለም ኪጋሊ ላይ ተሰብስቦ እንዲህ ያሉ ጋዞችን እየቀነስን እንሄዳለን ብሎ የተስማማው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጁን ብቻ መውቀስ አልችልም። ሥራውን የተማረው ከሌላ ሰው እጅ ሥር ነው፤ ያም ሰው ፓምፕ አልነበረውም። መሣሪያው ውድ ነው፣ ደንበኛው ደግሞ በዋጋ ይከራከራል፣ ሥራው በደንብ መሠራቱን የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ሰው የለም። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ያለፉ ልጆች አሉ ይባላል፤ እነሱን የት እንደምናገኛቸው የሚነግረን ግን የለም።

በውርጩ ሰሞን ሌላ ጣጣ መጣ። የውጭኛው ሳጥን በረዶ ያዘና ፋኑ ቆመ፤ ከደቂቃዎች በኋላ እንፋሎት እየወጣው ተነሳ። ደነገጥኩ። ልጁ ሳያየው በስልክ «ጋዝ ጎድሎታል፣ እንሙላው» አለኝ። ጋዙ አልጎደለም። ማሽኑ ብርድ ሲበረታ በየጊዜው ሥራውን ገልብጦ የራሱን በረዶ ያቀልጣል፤ የተሠራውም እንዲያ ነው። «ጋዝ ጎድሎታል» ለፍሪጁም ለመኪናውም ለኤሲውም የሚሰጠን መልስ ነው፤ ስንቱ ሰው ላልጎደለ ጋዝ ከፍሏል!

ስለ መብራቱም ዝም አልልም። መስመሩ 220 ቮልት መምጣት አለበት። እኛ ሰፈር አመሻሽ ላይ ሜትሩ 170 አካባቢ ያሳያል፣ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። እናቴን የሚበርዳት ያኔ ነው። ማንን ልክሰስ? አንድ የእንጀራ ምጣድ እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ሰው ከሥራ ገብቶ እንጀራ ይጋግራል፣ መጋገርም አለበት። ከመንገዱ ማዶ ብየዳ ቤት አለ፣ ከእሱ አለፍ ብሎ ወፍጮ። ትራንስፎርመሩ ሩቅ ነው፣ ሽቦው ቀጭን ነው፣ ሰፈሩ ግን በየዓመቱ ይሰፋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ሲመረቅ እንደማንኛውም ሰው አልቅሻለሁ፣ ኮርቻለሁም። ያ ኃይል ግን እኔ ቤት የሚገባው በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ሽቦ ነው። ስታቢላይዘር ግዛ ተባልኩ፤ ገዛሁ። ቮልቱ ከልክ በላይ ሲወርድ ግን እሱም ይቆርጣል።

ቆጣሪው ደግሞ የጋራ ነው። ግቢያችን ውስጥ እኛም ተከራዮቹም የምንጠቀመው በአንዱ ነው፤ ብዙ ግቢ እንዲሁ ነው። ታሪፉ በ2011 ዓ.ም. ለአራት ዓመት በየደረጃው ጨመረ፣ በ2017 ዓ.ም. እንደገና መጨመር ጀመረ። እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ቤት በዝቅተኛው ይከፍላል፣ ከዚያ በላይ በደረጃ ይወጣል። ለብቻቸው ቢለኩ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ የሚቆዩ ተከራዮች በጋራ ቆጣሪ ስለተለኩ ብቻ የላይኛውን ደረጃ ዋጋ ይጋራሉ። የእኔ ኤሲ ሲገባ ደግሞ የሁሉም ሒሳብ ወጣ። አንዲት ተከራይ፣ ሁለት ልጆች ያሏት፣ በወሩ መጨረሻ «ጋሼ፣ እኛ እኮ አምፖልና ስልክ ነው ያለን» ስትለኝ እውነቷን ነበር። አሁን የኤሲውን ፍጆታ ለብቻው የሚለካ ትንሽ ቆጣሪ አስገብቼ የራሴን እከፍላለሁ፤ ደረጃው ከፍ በማለቱ የሚመጣውን ጭማሪ ግን እስካሁን በትክክል ማካፈል አልቻልንም።

ቤቱ ራሱም አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከሥሩ ስስ ኮርኒስ፣ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት። ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣና እዚያው ያልቃል። ክፍተቱን በአረፋ ደፍኜ፣ ከኮርኒሱ በላይ ፎም አንጥፌ፣ የበሩን ሥር በላስቲክ ካሸግሁ በኋላ ነው ለውጡ የታየው። ለዚያ ያወጣሁት ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ከማሽኑ በፊት መሠራት እንዳለበት ሻጩም ገጣሚውም አልነገሩኝም፤ አንደኛው ማሽን መሸጥ፣ ሌላኛው ቀዳዳ መብሳት ነው ሥራው፤ ቤቱን እንደ ቤት የሚያየው ሰው የለም።

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ኤሲ የሚሸጥ ድርጅት ገጣሚውን ከነቫኪዩም ፓምፑ አብሮ ይላክ፤ ለመንገዱ የሚከፈለውን አስቀድሞ ይንገረን፣ እንከፍላለን። ገጣሚው ከመብሳቱ በፊት ማታ ያለውን ቮልት ይለካ፣ ግራውንድ መኖሩን ይይ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ ይመልከት። የዋስትናው ወረቀት ላይ የገጠመው ሰው ስም፣ ቫኪዩም የተደረገበት ጊዜና የተለካው ቮልት ይጻፍ፣ ይፈረምበት። እንዲህ አድርጎ የሚሸጥ ካለ ለሁለተኛው ክፍል የምገዛው ከእሱ ነው፤ ሱቁ መርካቶም ይሁን ቦሌ።