ፎጣ ስር ያለው ሒሳብ

ደገሀቡር ውስጥ «መምህርነት ለቀቅሁ» ስትል «ለምን?» የሚልህ የለም፤ ምክንያቱን ከባለሱቁ እስከ ውሃ በአህያ ጋሪ አዟሪው ልጅ ሁሉም ያውቀዋል። የሚጠይቁህ «ከማን ጋር ልትሠራ ነው?» ብለው ነው። ከጎጃም መጥቶ እዚህ ለከረመ የሒሳብ አስተማሪ ይህ ጥያቄ ከባድ ነው። በዚህ አገር ንግድ የሚቆመው በሰው ነው፤ ሰው ደግሞ በጎሳ ይቆጠራል። እኔ ያለኝ 8ኛ ቢ ብቻ ነበር።

ጫት ችርቻሮ የሴቶች ሥራ ነው። ከጅግጅጋ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ የሚመጣውን መኪና ከበው ዙርባውን ሲሻሙ ያየ ወንድ አይሞክረውም። ለባጃጅ ደግሞ ወገቤ እሺ አላለም። ባለቤቴ «የአገርህ ልጅ ሐዲስ ዓለማየሁ አስተማሪ አልነበሩ? ኋላ አምባሳደር ሆኑ። ኃይለማርያም ደሳለኝም ከአርባ ምንጭ መምህርነት ተነስተው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚያ ሰሞን ግን ክፍት የሥራ ቦታ የተገኘው ከብት ተራ ነው።

የቀጠረኝ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ የፍየልና የግመል ደላላ። ክፍል ውስጥ በጣቱ እየቆጠረ መከራዬን ያበላኝ ልጅ። «ጣትህን አውርድ፣ በጭንቅላትህ አስላ!» ስለው እጁን ዴስክ ስር ከትቶ ይቆጥር ነበር። ለካ ልምምድ ላይ ነው።

ላላየ ሰው ላስረዳ። እዚህ ዋጋ በአፍ አይጠራም። ሁለቱ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ፎጣ ይደረብበታል፣ ከዚያ ጣት በጣት ይጨመቃል። አንድ ጣት ሲያዝ አንድ ነው፤ ግን አንድ ምን? መቶ? ሺህ? አሥር ሺህ? እሱን የሚነግርህ ፊትህ የቆመው እንስሳ ነው። የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እያልኩ ሳምባዬን በጠመኔ ብናኝ የጨረስኩበትን ትምህርት እዚህ አንዲት ፍየል ቆማ ብቻ ታስተምረዋለች።

የኔ ችግር ፊቴ ነው። ደላላ ፊት ሊኖረው አይገባም። እኔ ጣቴ ሲጨመቅ ቅንድቤ ይነሳል፤ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ዋጋውን ከቅንድቤ ላይ ያነባል። ልማድም አይለቅምና፣ አንድ ቀን ድርድር እንዳለቀ «እዚህ መልስ ላይ እንዴት ደረሳችሁ? አሠራሩን አሳዩኝ» አልኩ። ሽማግሌው ገዢ እጁን ከፎጣው ስር ቀስ ብሎ አወጣና ተማሪዬን «ይህ ሰው ከገቢዎች ነው እንዴ?» አለው።

ታዲያ ለምን አላባረረኝም? ደላላ ዋጋ ከማስማማቱ ይልቅ የሚፈለገው ለዋስትናው ነው። ሻጩ ማን እንደሆነ፣ እንስሳውም የተሰረቀ አለመሆኑን የሚመሰክረው እሱ ነው። ከገጠር በግ እየነዳ የመጣ ጎረምሳ ብቅ ሲል ሁሉም ወደኔ ይዞራል።

«ማዓሊን (መምህር)፣ ይሄን ታውቀዋለህ?»

አውቀዋለሁ። ሮስተር ከጭንቅላት አይጠፋም። «ከክፍል ይጠፋል እንጂ የሰው እስክሪብቶ ነክቶ አያውቅም» እላለሁ። ግብይቱ ያልቃል። አንዱን ግን «ፈተና ላይ ይኮርጃል» ብዬ በጎቹን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ አስቁሜበታለሁ። ልጁ እስከ ዛሬ ያኮርፈኛል፤ ይበለው።

ቢሮ የለንም እንጂ ዓመታዊ ዕቅድም አውጥቻለሁ። የትምህርቱ ዓመት መስከረም ላይ ይጀምራል፤ የኛ ግን በጨረቃ ነው የሚሄደው። ራሰ ጥቁሩ በግ በበርበራ በኩል ባሕር ተሻግሮ ለሐጅ የሚፈለገው ከዐረፋ በፊት ነው፤ ዐረፋ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይቀድማል። ይህን አስልቼ ዓላማ፣ ይዘት፣ መርጃ መሣሪያ፣ ግምገማ የሚሉ ዓምዶች አስምሬ፣ መርጃ መሣሪያ በሚለው ስር «ፎጣ» ብዬ ለአለቃዬ ሰጠሁት።

አገላብጦ አየው። «ማዓሊን፣ ሳዑዲ አልገዛም ያለች እንደሆነ የሚለው የታል?»

ቀልዱን አልነበረም። በ1993 ዓ.ም. መባቻ ሳዑዲ በስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሰበብ የአፍሪካ ቀንድን የቁም እንስሳ አላስገባም ብላ፣ ለዓመታት እንደዘጋች ቆይታለች። የአባቱ በጎች የቀሩት ያኔ ነው፤ እሱም ወደኔ ክፍል የመጣው ለዚህ ነበር።

ወረቀቱን ተቀብዬ «ማስታወሻ» የሚል ዓምድ ጨመርኩና ሳዑዲን እዚያ ጻፍኳት። ከታች ዩኒት ሊደር የሚፈርምበትን መስመር ባዶውን ተውኩት።