ቀን አትቁረጡልን

እዚህ ንፋስ መውጫ አንዳንድ ትዕግስት የጎደላቸው ወላጆች ተነስተዋል። የ12ኛ ክፍል ውጤት የሚወጣበት ቀን አስቀድሞ ይነገረን፣ የዩኒቨርሲቲ ጥሪም ከመመዝገቢያው ቀደም ብሎ ይድረሰን ይላሉ። ነውር ነው። የትምህርት ሚኒስቴርን የሚያህል ትልቅ ቤት እንደ ዕድር ዳኛ ቀንና ሰዓት ቆርጦ እንዲገኝ ይጠየቃል? ልጅ ማስፈተናቸው አንሶ ቀጠሮ አማራቸው!

ቀን አለመቁረጥ ያለውን በረከት የሚያውቅ የጠበቀ ብቻ ነው። የ2014ን ፈተና እናስታውስ። ልጆቹ ጥቅምት 2015 ተፈተኑ። ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ጎተራ ገባ። ገና መጣ፣ ሄደ። የጥምቀት ታቦት ወጥቶ ገባ። ውጤቱ የወጣው ከዚያ በኋላ ጥር 19 ነው። ይህን ሁሉ ወር ልጁ ሥራ አልያዘ፣ ሌላ ትምህርት አልጀመረ፤ «ነገ ይለቀቃል» የሚለውን ወሬ እየሰማ ስልኩን አቅፎ አደረ። ምንዳ ሳይከፍል ይህን ያህል ወጣት በተጠንቀቅ የሚያቆም መሥሪያ ቤት የት ይገኛል?

ለሃይማኖትም ይበጃል። ቀኑ ቢታወቅ እናት የምትሳለው ለአንድ ታቦት ነበር። ባለመታወቁ ግን በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ23 ለጊዮርጊስ ጧፍና ዣንጥላ ተሳለች። ጥር 19 ገብርኤል ነበር፤ የቀጣዩ ዓመት ውጤት የተነገረበት መስከረም 28 ደግሞ አማኑኤል። ሚኒስቴሩ ለወላጅ ቀን ባይቆርጥም የወር በዓል አልሳተም።

የአነጋገሩንም ሥርዓት ልብ በሉ። መጀመሪያ የሚሰማው አገር ነው፤ ባለቤቱ ኋላ ይደርሳል። ጥር 19 ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ መግለጫ ሰጡ፦ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ናቸው፤ በ1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላለፈም። የጋይንት ልጅ የራሱን ውጤት ሳያይ የአገሩን ውድቀት በሬዲዮ ሰማ። ርኅራኄ ነው እንጂ፤ ብቻውን እንዳይደነግጥ አስቀድመው ሁሉንም አስደነገጡለት። ደግሞም ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረው በዚያው በጥቅምቱ ፈተና ነው። ልጆቹ ዶርም አደሩ፣ ካፌ ተሰልፈው በሉ፣ ተፈተሹ፣ ተመለሱ። ለብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ዘመናቸው ያችው ነበረች።

በቀጣዩ ዓመት አሠራሩ ረቀቀ። መስከረም 28 ቀን 2016 የወጣው ውጤት በድረ ገጽ፣ በቴሌግራም ቦትና በ6284 አጭር መልእክት እንዲታይ ተነገረ። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ ያኔ ሁለት ወር አልፎት ነበር። አንዱ የመንግሥት እጅ መስኮቱን ዘግቶ ሌላው «በመስኮት ተመልከቱ» ሲል፣ ይህን ቅንጅት ያላደነቀ ምን ያደንቃል? መልእክቱን ልኮ መልስ ያጣው ልጅ አዲስ አበባ ላለችው የአክስቱ ልጅ ደወለ።

«እስቲ እዪልኝ፣ እታለም።»

«ቆይ፣ እየዞረ ነው።»

«ከፈተልሽ?»

«...ቆይ፣ እኔ ልደውልልህ።»

በዚያ ሰሞን በላይ ጋይንትም በስማዳም በእስቴም «እኔ ልደውልልህ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው አልነበረም። ያለፈው 3.2 በመቶ ነበር፤ መልሶ መደወል የበዛው ለዚህ ነው።

ያለፈውስ? እሱም ገና ነው። ከውጤት በኋላ ምደባ አለ፣ ከምደባ በኋላ ጥሪ። ምደባው መቼ እንደሚወጣ መጠየቅ ነገር መፈለግ ይሆናል። ጥሪው ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ፌስቡክ ላይ ድንገት ይለጠፋል፦ ምዝገባ በእነዚህ ሁለት ቀናት ብቻ፤ ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣን ተማሪ አናስተናግድም። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ትራንስክሪፕት ከነኮፒው ይዛችሁ ቅረቡ። ወራት ያስጠበቀ ቤት ማርፈድ የሚባል ነገር እንደማይወድ የምንማረው እዚህ ላይ ነው።

የታች ጋይንቱ አባት ይህን በሰው በሰው ሲሰሙ በግ መሸጥ አለባቸው፤ ገበያው ግን የሚቆመው በቀኑ ነው። ስለዚህ ለጎረቤት በግማሽ ዋጋ ይለቁታል። ልጅቱ የተመደበችው ጉናን ተሻግሮ ደብረ ታቦር ቢሆን ባልከፋ፤ ሚዛን ቴፒ ነው። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። መናኸሪያ አድራ፣ ኬላ ለኬላ ተፈትሻ፣ በሦስተኛው ቀን ብትደርስ ሬጅስትራሩ ማስታወቂያውን በጣቱ ያሳያታል። «አላነበብሽም?»

እንግሊዞችን ተመልከቱና ፈጣሪያችሁን አመስግኑ። እነሱ ዘንድ ተማሪው ገና ለፈተና ሳይቀመጥ ውጤቱ የሚወጣበት ቀን የታወቀ ነው፦ በኦገስት ወር፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት። የዩኒቨርሲቲ ቅበላውም በዚያው ጠዋት ይታወቃል። አሜሪካም አንዳንድ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ተነጋግረው በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት መልስ ይሰጣሉ። ምስኪኖች! ሐሙስ መሆኑን ያወቀ ሰው ረቡዕ ማታ ምን ያወራል?

እንግዲህ ከፈተናው በፊት የውጤቱ ቀን በይፋ ይነገር የሚል አይጠጋኝ። ኢንተርኔት በሌለበት ወረዳ ዝርዝሩ ታትሞ በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ይለጠፍ የሚልም አይጠጋኝ። ጥሪና ምዝገባ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይራራቁ፣ መንገድ የተዘጋበት ልጅ በማስረጃ ይመዝገብ የሚለውማ ጭራሽ አያናግረኝ። እነዚህ ሁሉ አዲስ ሕንፃ የማይጠይቁ፣ ብድር የማያስፈልጋቸው፣ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቁ ተራ ነገሮች ናቸው፤ ትልቅ ቤት በተራ ነገር አይዋረድም።

የግድ ማሻሻያ ካስፈለገ እኔ አንድ ሐሳብ አለኝ። ባለፉት ዓመታት ያለፈው 3.3፣ ቀጥሎ 3.2፣ በ2016 ፈተና 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነው። የወዳቂው ብዛት ከመቶ ዘጠናን ካልለቀቀ ተማሪውን ለምን ወራት ያስጠብቁታል? ውጤቱን ከፈተናው በፊት ይልቀቁት። መግለጫው ይሰጥ፣ ሬዲዮው ይናገር፣ እናቶች ስለታቸውን ያስገቡ፤ ስሙ ኋላ ይሞላል። ሚኒስቴሩም እንዲህ ቢያደርግ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሞ ተገኘ ይባልለታል።