ስለ ባለ ሻንጣ ባልና ሚስት፦ ከመቱ የተገኘ የመስክ ጥናት

በኢሉባቦር ዝናቡ ጋብ ብሎ መንገዱ ሲደርቅ፣ ማለትም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ መቱ መናኸሪያ ላይ አልፎ አልፎ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከቅጥቅጥ ይወርዳሉ። እያንዳንዳቸው በጀርባቸው ትልቅ ሻንጣ፣ በደረታቸው ደግሞ ትልቁ ወደ ኋላ እንዳይጥላቸው የተደረገ የሚመስል ትንሽ ሻንጣ አንግተዋል። ወንዱ ጢሙን አሳድጓል። ሴቲቱ ስልኳን ወደ ሰማይ አንሥታ ኔትዎርክ ትፈልጋለች። ልብሳቸው የነተበ ነው፤ ጫማቸው ግን የአንድ መምህር የወር ደመወዝ አይገዛውም። ልጆች «ላግዝ?» እያሉ ሲሮጡባቸው ማንገቻቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጥ ያደርጋሉ። ፈረንጆች ስለ እኛ ብዙ ጥናት ጽፈዋልና እኛም በአቅማችን ውለታ መመለስ ይገባናል።

የጥናቱ ዘዴ መመልከት ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሻይ ቤት ገብቶ፣ አንድ ሻይ አዝዞ፣ ሻዩ በርዶ አስተናጋጇ እስክትገላምጥ ድረስ መመልከት። መቱ ውስጥ ይህን ዘዴ የተካኑ በርካታ ወጣቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቁ ወዲህ በሙሉ ጊዜያቸው የተሠማሩበት ነው።

እነዚህ ተመራማሪዎች ስለ ጥንዶቹ ማንነት እስካሁን አልተስማሙም። የባጃጅ ሾፌሮች ወርቅ ፈላጊዎች ናቸው ይላሉ፤ ማስረጃቸው የሻንጣው ክብደት ነው። ሻይ ቤቱ ደግሞ የኤንጂኦ ሰዎች ናቸው፣ መኪናቸው መንገድ ላይ ቆሞባቸው ነው ባይ ነው፤ ፈረንጅና ላንድክሩዘር ተለያይተው ሊኖሩ እንደማይችሉ ስለሚያምን። አዛውንቱ «ሚሲዮን ናቸው» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ሕፃናቱ «ቻይና!» ብለው ከሁሉም ቀድመው ደምድመዋል። ለመዝናናት ነው የመጡት የሚል መላምት ያቀረበ አንድ የካምፓስ ተማሪም ነበር። ሆኖም ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አምስተኛ ሆኖ፣ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ፣ የሰው ዶሮ እግሩ ሥር አስቀምጦ ከበደሌ እስከ መቱ በመጣ ሰው ፊት ላይ የመዝናናት ምልክት ስላልተገኘ መላምቱ ውድቅ ሆኗል።

የቀደመውን ታሪክ ስንመረምር ኢሉባቦር ለእንግዳ አዲስ አለመሆኗን እናያለን። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከአድዋ ጦርነት ማግስት ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ ባሮ ወንዝ ዘልቋል፤ አገሩ ተመልሶ መጽሐፍ ጻፈ፣ ቆይቶም መነኮሰ። መንገድ ከሚያበዙ ሰዎች መካከል ወደ ትክክለኛው ማጠቃለያ የደረሰ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ፈረንሳዊው ሻለቃ ማርሻን የባሰ ነው። ከአትላንቲክ ዳርቻ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1898 ፋሾዳ ደረሰ፣ እንግሊዞች ሲያስወጡት በባሮ በኩል ወደ ጎሬ ወጥቶ በአዲስ አበባ አድርጎ ጅቡቲ ገባ። ከጓዙ መካከል ፌዴርብ የተባለች የእንፋሎት ጀልባ ነበረች፤ ተፈታትታ በአፍሪካ እምብርት በሰው ጫንቃ አልፋ፣ ተገጣጥማ፣ መጨረሻዋ ባሮ ላይ መተው ሆነ። ከዚያ በኋላ ጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላም መጣላት፤ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባማ መንግሥት ራሱ ጓዙን ጠቅልሎ በቢትወደድ ወልደ ጻድቅ መሪነት ጎሬ ላይ ተቀመጠ። ስለዚህ የጎሬ ሰው በር ላይ ያልታሰበ እንግዳ ሲቆም ብዙ አይደነግጥም።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚያ ሁሉ ዘመን ፈረንጅ ዕቃውን ራሱ አለመሸከሙ ነው። በቅሎ ነበረው፣ ተሸካሚ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከሆነች በኋላም የኢሉባቦር ቡና ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጣውን መርከብ ለመጠበቅ ከጎሬ ቁልቁል ሲወርድ የወረደው በአገሬው ትከሻና በእንስሳ ጀርባ ነበር። እንግዲህ የጥናታችን ዋና ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው፦ ፈረንጅ ጓዙን ራሱ መሸከም ለምን ጀመረ? ማንስ ፈረደበት?

መልሱ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር የተያያዘ ነው። ቶኒና ሞሪን ዊለር የተባሉ ወጣት ጥንዶች እ.ኤ.አ. በ1972 ከለንደን በአሮጌ መኪና ተነሥተው እስያን አቋርጠው አውስትራሊያ ሲድኒ ሲደርሱ ኪሳቸው ውስጥ የቀረው 27 ሳንቲም ነበር። ሰው ሁሉ «እንዴት አደረጋችሁት?» እያለ ቢያስቸግራቸው እስያን በርካሽ ስለ ማቋረጥ በ1973 አንድ ቀጭን መጽሐፍ አሳተሙ። ሎንሊ ፕላኔት የተባለው የመንገደኞች መጽሐፍ አሳታሚ የተወለደው እንዲህ ነው፤ በርካሽ የሚጓዝ ደግሞ ተሸካሚ ስለማይቀጥር ጓዙን ራሱ ይሸከማል። ቢቢሲ ድርጅቱን በ2007 እና በ2011 በሁለት ዙር ጠቅልሎ ሲገዛ በድምሩ 130 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል አወጣ። በኪሱ 27 ሳንቲም ይዞ መቱ መናኸሪያ የወረደ ሰው በርካታ ነው፤ ቢቢሲ ግን እስካሁን አላነጋገረውም።

የዚህ አሳታሚ መጽሐፍ ጥንዶቹን ወደ ኢሉባቦር የሚልካቸው በዋናነት ለሶር ፏፏቴ ነው። ከበቾ ወዲያ ጫካውን በእግር ዘልቆ፣ በጭቃ ተንሸራትቶ፣ ጉሬዛ ከላይ እየታዘበ ወርዶ የሚታይ ውኃ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ውኃው ያምራል። ችግሩ ሰማዩ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ በ1950ዎቹ ዓ.ም. የቱሪዝም ሥራችንን ሲያቋቁሙ ለዓለም ያስተዋወቁን «የ13 ወር ፀሐይ» በሚል መፈክር ነበር። መፈክሩ ድንቅ ነው፤ ጎሬን ግን አላማከረም። እዚህ ዝናቡ መጋቢት ይጀምርና ጥቅምት ሲሰናበት እንኳ ተመልሶ የረሳው ነገር እንዳለ ያያል። ወሩን ተሳስተው ነሐሴ ላይ በቁምጣ የመጡ ጥንዶች ከሦስት ቀን በኋላ ልብሳቸውን በፔንሲዮኑ ኮሪደር ከዳር እስከ ዳር አስጥተው፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የላሊበላ ፀሐይ ዝም ብለው ሲያዩ ታይተዋል።

ስለ ኑሯቸው ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኛ ግን በደብተሩ ላይ እናተኩራለን። ሴቲቱ ከደረቷ ሻንጣ የማትለየው ትንሽ ደብተር አለቻት፤ ማታ ማታ የቀኑን ወጪ ትጽፍበታለች። አልጋ፣ ሽሮ፣ ውኃ፣ ባጃጅ። ለቀኑ የተመደበው ገንዘብ ካለፈ ነገ ሙዝ ተበልቶ ይዋላል። በዚህ ምክንያት ከባጃጁ ሾፌር ጋር ስለ 20 ብር ሩብ ሰዓት ይከራከራሉ፤ ሴቲቱ ክርክሩን የምታካሂደው አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን ካሜራ በአንድ እጇ እየደገፈች ነው። ካሜራው ተሸጦ ባጃጁን ከነሾፌሩ ፈቃድ ሊገዛ እንደሚችል ሾፌሩ ያውቃል። ቢሆንም 20 ብሯን ለቀቀላቸው። ለምን እንደለቀቀ ስንጠይቀው «ጾማቸውን ያደሩ መሰሉኝ» አለ።

ጾማቸውንስ አላደሩም፤ በማግስቱ ያዩ ሄደው ጥሩ በልተዋል። የያዩ የቡና ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራነት ተመዝግቧልና በዛፍ ጥላ ሥር ራሱን ዘርቶ የሚበቅለውን ቡና ለማየት ነበር የሄዱት። አዴ ተብለው የሚጠሩ አንዲት ሴት ጓሯቸው ያለውን ቁጥቋጦ ፎቶ ሲያነሡላቸው አይተው አዘኑና ወደ ቤት አስገቧቸው። ቡና ቀላ ቀረበ፤ ፍሬው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ፣ በጨው ተነክቶ፣ ሲነከስ ቅቤው ጣት ላይ የሚንጠባጠበው ማለት ነው። ከላይ የጠቀስነው፣ መላምቱ የወደቀበት ተማሪ አስተርጓሚ ሆኖ አብሯቸው ነበርና ቃለ መጠይቁን ያገኘነው ከእሱ ነው።

«ባልና ሚስት ናችሁ?» አሉ አዴ።

«አብረን ነው የምንኖረው። ስምንት ዓመት ሆነን።»

ተማሪው «አዎ» ብሎ ተረጎመ። (በነገራችን ላይ እ.ኤ.አ. በ1861 የአባይን ገባሮች ለማየት እስከ ሰቲት የመጡት ሳሙኤልና ፍሎረንስ ቤከርም የተጋቡት ከጉዞው በኋላ በ1865 ነው፤ ነገሩ የቆየ ልማድ ነው።)

«ልጅስ?»

«ገና አላሰብንበትም።»

«በጸሎት ላይ ናቸው» አለ ተማሪው።

«ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ሥራ ለቀናል።»

«ማን አባሯቸው?»

«ማንም። ራሳቸው ናቸው የለቀቁት።»

አዴ ሲኒውን አስቀመጡ። «ቤታቸውንስ ለማን ትተው መጡ?» ቤቱ ተከራይቷል፤ ኪራዩ ነው የሚያዞራቸው። «መቼ ነው የሚመለሱት?» አይታወቅም፣ ገንዘቡ ሲያልቅ። አዴ ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ከጓዳ ቅቤ ጨምረው አመጡና ድስቱ ላይ ጣሉ።

ሲነሡ ሴቲቱ ደብተሯን አውጥታ ሒሳቡ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። አዴ ተቆጡ። ቤታቸው ሆቴል እንዳልሆነ በኦሮምኛ፣ እንዳይሳሳቱ ደግሞ በአማርኛ ነገሯቸው። ማታ ተማሪው ደብተሩን አየት ሲያደርግ ከ«ቡና» ፊት ለፊት ዜሮ ተጽፎ፣ ከጎኑም የቃለ አጋኖ ምልክት ተደርጎበት አገኘ። የቀኑ ወጪ ከተመደበው በታች ነበር።

አንድ ጥናት ማነጻጸሪያ ከሌለው አይሟላምና ከመቱ አንድ ባልና ሚስት ፈልገን በተቃራኒው አቅጣጫ ለመላክ አሰብን። ያለ ቪዛ የሚቀበሉን እንደ ኬንያ ያሉ አገሮች አሉ፤ ከእነሱ አልፎ ግን ኤምባሲ የሚባል ነገር ይመጣል። ኤምባሲዎቹ የሚጠይቁትን ሰነድ ዘርዝረን ብናይ በአጭሩ አራት ነገር ነው፦ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የቤት ወይም የመሬት ካርታ፣ የቤተሰብ ማስረጃ፣ የመመለሻ ቀን የተቆረጠበት ቲኬት። ያለ እነዚህ የቀረበ ሰው «ወደ አገሩ የመመለሱ ነገር አላሳመነንም» የሚል ወረቀት ይሰጠዋል። ያዩ ላይ ለአዴ የተሰጠው መልስ ሥራ የለንም፣ ልጅ የለንም፣ ቤቱን ሌላ ሰው ይዞታል፣ መመለሻችንን አናውቅም የሚል ነው። ይህን መልስ ይዞ የትኛውም ኤምባሲ መስኮት ላይ የቆመ የመቱ ሰው ወረቀቱን ለመቀበል ወንበር ላይ እንኳ አይቀመጥም። እኛ ግን ቅቤ ጨመርንላቸው። ማነጻጸሪያው በዚህ ምክንያት ሳይገኝ ቀርቷል፤ ለናሙናነት ፈቃደኛ የነበሩት ባልና ሚስትም የፎቶውን ገንዘብ እንድንመልስላቸው ጠይቀዋል።

ጓዙን ራሱ ተሸክሞ ወደ ኢሉባቦር የመጣ ሰው ከእነዚህ ፈረንጆች በፊት አልነበረም ማለት ግን አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ከወሎና ከትግራይ በሰፈራ የመጣው ሕዝብ ነበረ። ያ ጉዞም ርካሽ ነበር፤ የሚሄዱበትን አገር አለማወቅም ነበረበት፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእግሩ ተመልሶ የሄደም ነበረ። እሱን ግን በሎንሊ ፕላኔት መጽሐፍ ውስጥ ፈልገን አላገኘነውም፤ ምናልባት ስለ አልጋው የጻፈው አስተያየት ስላልነበረ ይሆናል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኮሮና በሽታም በመንገዱ የጸጥታ ችግርም ምክንያት ጥንዶቹ እየሳሱ መጥተዋል፤ የሻይ ቤቱ ተመራማሪዎችም ሥራ ቀዝቅዞባቸዋል። በመጨረሻ የታዩት ወደ ጋምቤላ ሲሄዱ ነው። ሚኒባሱ «አሁን ይወጣል» ከተባለበት ሰዓት ብዙ ቆይቶ ሲወጣ ረዳቱ ሁለቱ ትልልቅ ሻንጣዎች የሁለት ሰው ቦታ ስለያዙ የሁለት ሰው ሒሳብ ይከፈል አለ። ሴቲቱ ደብተሯን አወጣች። ሻንጣ ሰው አይደለም የሚለው ክርክር መቱ ተጀምሮ ጎሬ ደረሰ፣ ጎሬ ላይ ሁለት ነጋዴዎች ገብተው ከረዳቱ ወገን ቆሙ፣ አንድ ቄስ ከጥንዶቹ ወገን ቆሙ። ቡሬ አካባቢ ኬላ ላይ ወታደሩ በሩን ከፍቶ «ሁሉም ይውረድ፣ መታወቂያ ይያዝ» አለ፤ ፈረንጆቹን ሲያይ ግን በእጁ «እናንተ ተቀመጡ» አላቸው። ተሳፋሪው ወርዶ ተሰልፎ፣ እጁን አንሥቶ ሲፈተሽ፣ ነጋዴዎቹም ቄሱም መታወቂያቸውን ሲያሳዩ፣ ሚኒባሱ ውስጥ የቀሩት ባልና ሚስቱና ሁለቱ ሻንጣዎች ብቻ ነበሩ። ረዳቱ ተፈትሾ ሲጨርስ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስገብቶ «እሺ፣ የአራት ሰው» አላቸው።